የአንድ ዓመት አበባ በሞያሌ ማንያታ፤ መደቡ በዝናብ፣ ማሰሮው በእጣቢ

መስከረም ሲጠባ የደጋውን መስክ ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ፣ በክረምቱ ዝናብ በቅሎ፣ በአዲሱ ዓመት ፈክቶ፣ ዘሩን ለመሬት አስረክቦ የሚሞት ተክል ነው። በሚቀጥለው መስከረም የሚታየው አበባ የአምናው ተክል ራሱ ሳይሆን ከአምናው ዘር የተወለደው ነው። እንዲህ ያለው ተክል፣ ይኸውም ከዘር በቅሎ አብቦና አፍርቶ በአንድ ወቅት ውስጥ ዕድሜውን የሚፈጽመው፣ በአትክልተኞች ዘንድ የአንድ ዓመት አበባ ይባላል። ከጽጌረዳና ከቡገንቪላ፣ እነዚህንም ከመሳሰሉት ዘላቂ ተክሎች የሚለየው በዚሁ ነው።

ይህ አጭር ዕድሜ ለብዙ ሰው ጉድለት መስሎ ይታየዋል፤ በየዓመቱ እንደገና መዝራት ድካም ነውና። ነገሩን ጠልቆ ለተመለከተ ግን የአንድ ዓመት ተክል አጭር ዕድሜ ድርቅን የማምለጫ ብልሃት ነው። ዛፍ ደረቁን ወቅት ለማሳለፍ ሥሩን ወደ ጥልቅ መሬት ይሰዳል፣ ቅጠሉንም ያራግፋል። የአንድ ዓመት ተክል ግን ከድርቁ ጋር አይታገልም፤ ዝናቡ ሳያልቅ ሥራውን ጨርሶ ዘር ሆኖ ይተኛል። ደረቅ ዘር ውሃ አይጠይቅም፣ ፀሐይም አታጠወልገውም። ስለዚህ ዝናቡ አጭር በሆነበት አገር አበባ ለመትከል የሚፈልግ ሰው ከዘላቂው ተክል ይልቅ ለአንድ ዓመቱ ቅድሚያ ቢሰጥ አይሳሳትም። የሚያስፈልገው የተክሉን ዕድሜ ከዝናቡ ዕድሜ ጋር ማስማማት ብቻ ነው።

ማንያታ የምትገኝባት ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቀመጠች፣ አንዱ ክፍሏ በኢትዮጵያ፣ ሌላው በኬንያ ማርሳቢት አውራጃ ውስጥ ያለ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባም ሆነ ከናይሮቢ በመኪና መንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር ያህል ስለ ሆነ ውርጭ አያውቃትም። ዝናቧ እንደ ደጋው በአንድ ረጅም ክረምት የሚወርድ ሳይሆን በሁለት አጫጭር ወቅቶች የተከፈለ ነው። የመጀመሪያው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ሲሆን ቦረናዎች «ገና» ይሉታል፤ ቃሉ በአማርኛ ከሚታወቀው የልደት በዓል ጋር ግንኙነት የለውም። ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር የሚወርደው «ሐገያ» ነው። ከገና በኋላ «አዶሌሳ» የሚባለው ቀዝቃዛና ደረቅ ወቅት እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ከሐገያም በኋላ «ቦና» የሚባለው ሞቃትና ደረቅ ወቅት እስከ የካቲት መጨረሻ ይገዛል።

ይህን የዘመን አከፋፈል ያላስተዋለ ሰው ሁለት ዓይነት ስሕተት ይሠራል። ከደጋ መጥቶ በማንያታ ቤት የሠራው ሰው፣ አባቱ በሰኔ ሲዘሩ አይቶ ስላደገ፣ እርሱም ዘሩን በሰኔ ይበትናል። ሰኔ ግን በሞያሌ የአዶሌሳ መግቢያ ነው፤ ዘሩ ቢበቅል እንኳ ከባለቤቱ ጀሪካን በቀር የሚያጠጣው የለም። ሁለተኛው ስሕተት በዘር ፓኬት ላይ የታተመውን ትእዛዝ እንዳለ መቀበል ነው። በአውሮፓ ተዘጋጅቶ በናይሮቢ ሱቆች የሚሸጥ ፓኬት አብዛኛውን ጊዜ «የመጨረሻው ውርጭ ካለፈ በኋላ ይዘራ» ይላል። ውርጭ በሌለበት አገር ይህ ቃል ትርጉም የለውም። በአውሮፓ የአትክልተኛው ጠላት ብርድ ነው፤ በሞያሌ ጠላቱ የውሃ ማነስ ነው። ስለዚህ በፓኬቱ ላይ «ውርጭ» የሚለውን «ደረቅ ወቅት» ብሎ መተርጐም ወደ ትክክለኛው ይበልጥ ያቀርባል።

ስለ ውሃ ከተነሣ ነገሩን በቍጥር ማየት ይገባል። በሞቃትና በነፋሻ አገር፣ በተክል የተሸፈነ አንድ ካሬ ሜትር መሬት በደረቅ ቀን 5 ሊትር ያህል ውሃ በቅጠልና በአፈር በኩል ወደ አየር ይለቃል። ወርዱ 1 ሜትር፣ ርዝመቱ 3 ሜትር የሆነ መጠነኛ የአበባ መደብ እንግዲህ በቀን 15 ሊትር ይጠጣል ማለት ነው። የዕርዳታ ድርጅቶች የሚሠሩበት ስፌር የተባለው ዓለም አቀፍ መለኪያ፣ በችግር ጊዜ ለአንድ ሰው ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለንጽሕና በቀን ሊደርሰው ይገባል ብሎ የወሰነው ዝቅተኛ መጠንም ይኸው 15 ሊትር ነው። በሌላ አነጋገር በቦና ወራት በጀሪካን የሚጠጣ አንዲት ትንሽ መደብ የአንድ ሰው ድርሻ ትወስዳለች። በሞያሌ ውሃ የሚገዛ፣ ካልተገዛም በአህያ ወይም በሴቶች ጀርባ የሚመጣ ነገር ነውና፣ ይህን ዕዳ ለአበባ ሲሉ በቤተ ሰብ ላይ መጫን ተገቢ አይደለም። በብዙ ግቢ በደስታ የተጀመረው የአበባ መደብ ሁለት ወር ሳይሞላው ተረስቶ የሚቀረውም ባለቤቶቹ ሰነፎች ስለ ሆኑ ሳይሆን ሒሳቡ ከመጀመሪያው ስላልተሠራ ነው።

መፍትሔው ሥራውን ለሁለት መክፈል ነው። መሬት ላይ ያለው መደብ በዝናብ ብቻ ይኑር፤ ዝናቡ ሲያልቅ እርሱም ይለቅ። ደረቁን ወቅት የሚያልፈው አበባ ደግሞ በጥቂት ማሰሮዎች ተተክሎ ከቤት ውስጥ ሥራ በሚተርፈው እጣቢ ይኑር። በስምንት ሳምንት የዝናብ ወቅት ያቺው ሦስት ካሬ ሜትር መደብ እስከ 840 ሊትር ድረስ ልትጠጣ ትችላለች። ይህም 42 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሆኑ ነው፤ መልካም ዝናብ በጣለበት ወቅት ግን አንዱንም ማንም አይሸከመውም።

ይሁን እንጂ ስምንት ሳምንት ለአበባ ጠባብ ጊዜ ነው። ዚኒያ ከተዘራ በኋላ ለማበብ ከስምንት እስከ ዐሥር ሳምንት ይወስድበታል፤ አጭሩ ማሪጎልድ ከስድስት እስከ ስምንት፣ ኮስሞስም ከዚኒያ ጋር ተቀራራቢ ነው። ዝናቡ በጣለ ማግስት በመደቡ ላይ በቀጥታ የተዘራ ዘር እንግዲህ አበባውን የሚከፍተው ዝናቡ ሊሰናበት ሲል ነው። ይህን ያህል ደክሞ የአንድ ሳምንት አበባ ማየት ያሳዝናል። ስለዚህ ብልኅ አትክልተኛ ችግኙን ዝናቡ ከመድረሱ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ቀደም ብሎ በጣሳ ወይም ዝቅ ባለ ሳጥን ያፈላል። ለገና ዝናብ በየካቲት አጋማሽ፣ ለሐገያ በመስከረም መጀመሪያ መዝራት ማለት ነው። ክንድ በማታህል ሳጥን ውስጥ ለመደብ የሚበቃ ችግኝ ስለሚበቅል፣ በዚያ ጊዜ የሚፈልገው ውሃ በቀን ከአንድ ሁለት ኩባያ አይበልጥም። ዝናቡ ሲመጣ ችግኙ አራት ወይም ስድስት ቅጠል ይዞ ይጠብቀዋል። አራት ሳምንት የተተረፈው በዚህ ነው።

ዘሩ ሲፈላ መጠኑን ማየት ያሻል። የዚኒያና የማሪጎልድ ዘር የዘሩን ውፍረት ሁለት እጥፍ ያህል አፈር ይለብሳል፤ በአራትና በሰባት ቀን መካከልም ብቅ ይላል። ፖርቱላካ የተባለው ዘር ግን እንደ ጤፍ የደቀቀ፣ እንዲያውም ከጤፍ ያነሰ ስለ ሆነ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ በአፈሩ ላይ ይነሰነሳል እንጂ አይቀበርም፤ ለመብቀል ብርሃን ይፈልጋልና። የቪንካ ዘር በተቃራኒው ጨለማ ይፈልጋል፤ በሚገባ ተሸፍኖ፣ ከላዩም ካርቶን ተደርጎበት እስኪበቅል መቆየት አለበት። ሳጥኑ በቀትር ከቆርቆሮ ግድግዳ አጠገብ እንዳይውል ጥንቃቄ ያሻል፤ ከቆርቆሮ የሚመለሰው ሙቀት ጨቅላውን ቡቃያ በአንድ ቀን ይፈጀዋል።

አሁን ወደ መደቡ እንመለስ። በደጋ የአበባ መደብ ከመሬት ከፍ ተደርጎ ይሠራል፤ ምክንያቱም በክረምት የሚያስቸግረው ውሃ መብዛት ነውና ትርፉ በጎን እንዲወርድ ይፈለጋል። ይህን ልማድ በሞያሌ ቀይ አሸዋማ አፈር ላይ መድገም ዝናቡን ወደ መንገድ ማባረር ነው። በደረቅ አገር መደብ ከመተላለፊያው ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ዝቅ ብሎ ይቈፈራል፤ የወጣው አፈር ደግሞ ዙሪያውን እንደ ትንሽ ግድብ ይደረጋል። በግቢው የሚፈሰው ጎርፍ ወደዚያ እንዲገባ ከላይ በኩል ጠባብ በር ይተውለታል። ወደ ሰሜን ምዕራብ ራቅ ብለው የሚገኙት ኮንሶዎች ውሃና አፈር እንዳያመልጥ በድንጋይ የሠሩት እርከን በ2011 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በቡርኪና ፋሶም ያኩባ ሳዋዶጎ የተባሉ ገበሬ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ዛይ» የሚባለውን የጥንት ጉድጓድ አሻሽለው፣ ፍግ እየጨመሩበት፣ የተራቈተ መሬት ደን እንዲሆን አድርገዋል፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2018 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። የአበባው ዝቅተኛ መደብ የዚሁ ዕውቀት ታናሽ ወንድም ነው። በማንያታ ራሷም ምክር የሚጠይቅ ሰው ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም፤ ከከተማዋ ነዋሪዎች መካከል ያሉት ቡርጂዎች በገበሬነታቸው የታወቁ ስለ ሆኑ፣ በሞያሌ ዝናብ እህል የዘሩ አዛውንት አበባውንም መቼ መትከል እንደሚሻል ያውቃሉ።

የመጀመሪያው ዝናብ ብዙ ጊዜ ያታልላል። አንድ ቀን ከባድ ዝናብ ይጥልና ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ሰማዩ ይጠራል። ችግኙን በመጀመሪያው ዝናብ ማግስት ያዛወረ ሰው ያን ሁለት ሳምንት በጀሪካን ማጠጣት ግድ ይሆንበታል። ከዚህ ለመዳን የሚደረገው ቀላል ነገር መደቡን በአንድ ስፍራ ቈፍሮ እርጥበቱ ምን ያህል እንደ ወረደ ማየት ነው። እርጥበቱ አንድ ስንዝር ካልደረሰ ችግኙ በጣሳው ይቈይ። ከደረሰ ግን በማታ፣ ፀሐይ ከበረደች በኋላ ማዛወር ነው። ዚኒያ ከ25 እስከ 30፣ ኮስሞስ ከ30 እስከ 40፣ አጭሩ ማሪጎልድ ከ20 እስከ 25 ሳንቲሜትር ተራርቆ ይተከላል። ወዲያው በመካከሉ የደረቀ ሣር ወይም ገለባ አንድ እጅ ውፍረት ይጐዘጐዝ፤ ጉዝጓዙ አፈሩን ከፀሐይ ስለሚጋርድ ውሃው በተክሉ በኩል እንጂ በከንቱ አይተንም።

ለመደብ የተመረጡት ዚኒያ፣ ኮስሞስና ማሪጎልድ ሦስቱም የትውልድ አገራቸው ሜክሲኮና አካባቢው ነው። ዚኒያ ስሙን ያገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ከኖረው ዮሐን ጎትፍሪድ ዚን ከተባለ የጀርመን ሐኪምና የዕፅዋት ሊቅ ነው። ከኮስሞስም ብርቱካናማ አበባ ያለው ዓይነት ከሐምራዊውና ከነጩ ይልቅ ሙቀትንና ጥማትን ይችላል። እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። እነዚህ አበቦች ቀን ሲያጥርና ሌሊት ሲረዝም ለማበብ የሚቸኩሉ ናቸው። በአውሮፓ በበጋ ቀኑ 16 ሰዓት ስለሚደርስ ተክሉ መጀመሪያ ቁመቱን ይጨርሳል፣ ኋላም ያብባል። ሞያሌ ግን ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ሦስት ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለምትገኝ ዓመቱን ሙሉ ቀኗ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ስለዚህ ተክሉ ገና ሳያድግ እንቡጥ ይይዛል። ፓኬቱ «ቁመቱ አንድ ሜትር» ያለው ኮስሞስ ጉልበት ሳይደርስ ቢያብብ ዘሩ ተበላሽቷል ማለት አይደለም። በአጭር ዝናብ አገር ይህ ፈጥኖ ማበብ ጥቅም ነው፤ ብቻ ችግኞቹን ከተጻፈው ይልቅ ትንሽ አቀራርቦ መትከል ያስፈልጋል። የዚኒያንም ጫፍ ሦስት ወይም አራት ጥንድ ቅጠል ሲይዝ በጣት ቀንጥሶ መጣል ቅርንጫፍ እንዲያበዛ ይረዳዋል።

ስለ ማሰሮው የሚባለው ይበዛል፤ ምክንያቱም ስሕተቱ የሚበዛው እዚያ ነው። ማሰሮ ሲባል ሸክላ ብቻ አይደለም። የተቈረጠ ጀሪካን፣ የዘይት ጣሳ፣ ያረጀ ሳፋ፣ የመኪና ጎማ፣ የማዳበሪያ ጆንያ ሁሉ ለዚህ ይሆናል። ከታች ቀዳዳ ይኑረው እንጂ መልኩ አያሳስብም። መጠኑ ግን ያሳስባል። ዐሥር ትናንሽ ጣሳዎች ከሁለት ትላልቅ ዕቃዎች የበለጠ ሥራ ያስፈልጋቸዋል፤ ትንሹ ጣሳ በአንድ ቀትር ይደርቃልና ጧትም ማታም ውሃ ይጠይቃል። አፉም ጥልቀቱም 30 ሳንቲሜትር የሆነ ዕቃ 20 ሊትር አፈር ይይዛል፤ ያደገ ተክል ይዞ በፀሐይ ቢውል በቀን አንድ ሊትር ያህል ይበቃዋል። አምስት እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ማለት በቀን አምስት ሊትር ነው፤ ይህም ከአንድ ቤት የሳሕን እጣቢ ሊገኝ ይችላል።

ከዕቃው ሥር ጠጠር መደልደል ውሃውን ያጣራል የሚለው ልማድ በብዙ አገር የቆየ ነው፤ ሆኖም ትክክል አይደለም። ደቃቅ አፈር ውሃን በውስጡ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከላይ ያለው አፈር እስኪጠግብ ድረስ ውሃው ወደ ጠጠሩ አይወርድም። ስለዚህ ጠጠሩ የሚያደርገው ውሃ ያቈረውን አፈር ከዕቃው ሥር አንሥቶ ወደ ሥሩ ማቅረብ ብቻ ነው፤ የአፈሩንም ቦታ ይወስዳል። አፈሩ በቀዳዳው እንዳይፈስ አንድ ገል በላዩ ማድረግ ይበቃል።

ጥቁር ፕላስቲክና ቆርቆሮ ፀሐይ ሲመታቸው ይግላሉ፤ በዚያ በኩል ያለው ሥር ይበስላል። የዕቃውን ውጭ ኖራ መቀባት ወይም ከጎኑ ድንጋይ መደርደር ሙቀቱን ይቀንሳል። ሸክላ በጎኑ ስለሚያልበው ሥሩን ያቀዘቅዛል፤ በአንጻሩ ውሃ ያባክናል። ይህ የሸክላ ጠባይ በሌላ መንገድ ይጠቅማል፤ ያልተቀባ ትንሽ እንስራ በመደብ መካከል እስከ አንገቱ ተቀብሮ፣ ውሃ ተሞልቶ አፉ ቢከደን፣ ውሃው በጎኑ ቀስ እያለ ወደ ሥሮቹ ይሰርጋል። በቻይና ከ2,000 ዓመት በፊት የተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ይህን ዘዴ ገልጾታል። ዝናቡ አቋርጦ መደቡ ገና በአበባ ላይ ሳለ ሁለት ሳምንት ለማቈየት ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ እንስራውም የሚሞላው በእጣቢ ሳይሆን በንጹሕ የጣራ ውሃ ቢሆን የሸክላው ቀዳዳ አይደፈንም።

ለማሰሮ የሚሆነው አፈር ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ የደረቅ ወንዝ አሸዋ፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ሲደባለቅ ይገኛል። በሞያሌ ፍግ አይጠፋም፤ የፍየል፣ የከብት፣ የግመልም አለ። ነገር ግን ከበረት ዛሬ የተዛቀው ፍግ ሙቀቱና ጨውነቱ ሥርን ይለበልባል። ሦስት ወይም አራት ወር ተከምሮ፣ እየረጠበና እየተገላበጠ ሊበሰብስ ይገባዋል። ክምሩ በሚገባ ከጋለ በውስጡ ያለውን የአረም ዘር አብዛኛውን ይገድላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ከብት የበላው የፕሮሶፒስ ፍሬ በፍግ ውስጥ ዘሩ ሳይሞት ይወጣልና። ቅንጨ አረም የተባለውም ነጫጭ ደቃቅ አበባ ያለው ተክል፣ ቆዳ የሚያሳክክና ግጦሽ የሚያጠፋ፣ ከአሜሪካ የመጣ የአንድ ዓመት አበባ ነው። ከሌላ ስፍራ በመጣ አፈር ውስጥ ቢበቅል አበባ ነው ተብሎ ሊተው አይገባም፤ እጅን በጓንት ወይም በፌስታል ሸፍኖ ሳያብብ ከነሥሩ መንቀል ነው።

እጣቢን በተመለከተ ሁሉም ዓይነት አንድ አይደለም። እህልና አትክልት የታጠበበት ውሃ ያለ ሥጋት ይጠጣል። ሳሕን የታጠበበት ውሃ ቅባቱ በጨርቅ ተጠልሎ፣ በተለይም የመጨረሻው ማለቅለቂያ፣ ለአደገ ተክል ይሆናል፤ ለጨቅላ ችግኝ ግን አይሰጥም። ልብስ በዱቄት ሳሙና የታጠበበት የመጀመሪያው ውሃ ሶዲየም ስለሚበዛው አፈሩን ያደርቀዋል፤ በረኪና የገባበት ውሃም ጨርሶ ወደ ማሰሮ አይቅረብ። እጣቢ ብቻ የሚጠጣ ማሰሮ ከጊዜ ብዛት በአፉ ዙሪያ ነጭ ጨው ያወጣል፤ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ሲሆንም እንዲሁ ይሆናል። ይህ ሲታይ በዝናብ ቀን ማሰሮውን ወደ ሜዳ አውጥቶ ዝናቡ እንዲያጥበው ማድረግ ይበጃል።

ለዚህ ኑሮ የሚስማሙት አበቦች ከመደቡ ይለያሉ። ፖርቱላካ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ፣ በወፍራም ቅጠሉ ውሃ የሚያጠራቅም፣ ጧት ፀሐይ ስትወጣ ተከፍቶ ደመና ሲሆን የሚዘጋ ዝቅተኛ አበባ ነው። ሲጠማው አየር የሚያስገባባቸውን ቀዳዳዎች በቀን ዘግቶ በሌሊት ይከፍታቸዋል፤ ባለቤቱ ሁለት ሦስት ቀን ሳያጠጣው ቢቀር የሚቀየም አይደለም። የሚገድለው ውሃ መብዛት ነው። ቪንካ የተባለው የማዳጋስካር ተወላጅ ደግሞ ለማበብ ይዘገያል እንጂ ካበበ በኋላ ቦናን ሳያቋርጥ ያልፋል፤ ውርጭ በሌለበት አገር ከአንድ ዓመት በላይ መኖሩም የተለመደ ነው። ከዚሁ ተክል ቪንክሪስቲንና ቪንብላስቲን የሚባሉ የካንሰር መድኃኒቶች ይወጣሉ፤ ተክሉ ራሱ ግን መርዛም ስለ ሆነ ሕፃናት ቅጠሉን እንዳያኝኩ መጠበቅ ያስፈልጋል።

ፍየል ይህን መርዝ የሚያውቀው ይመስላል፤ ቪንካን ብዙም አይነካውም። ዚኒያንና ኮስሞስን ግን ለአንድ ሌሊት ያለ አጥር ከተዋቸው ጧት ግንዳቸውን ያገኟል። ማንያታ የሚለው ቃል ራሱ በማሳይ ቋንቋ የታጠረ የመኖሪያ ግቢ ማለት ነውና አጥር ለሰፈሩ እንግዳ አይደለም። የእሾህ አጥር ይበቃል። ቅንጭብ ለዘለቄታው ያማረ አጥር ይሆናል፤ ብቻ ሲቈረጥ የሚወጣው ወተት ዓይን ያሳውራልና ቈራጩ ፊቱን ያዙር፣ እጁንም ሳይታጠብ ወደ ዓይኑ አያቅርብ።

ከቆርቆሮ ጣራ የሚወርደውን ውሃ ያላጠራቀመ ቤት አበባም ቢሆን ጓሮም ቢሆን አይስማማውም። ወርዱ 5፣ ርዝመቱ 8 ሜትር በሆነ ጣራ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 400 ሊትር ይሆናል፤ የሚፈስሰውና የሚተነው ተቀንሶ 320 ሊትር ቢቀር 16 ጀሪካን ነው። አሸንዳና በርሜል ካለ ይህ ሁሉ በአንድ ሌሊት ይገኛል። መጀመሪያ የሚወርደው ውሃ የጣራውን አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያጥብ እርሱ ለአበባ ይሁን፤ ቀጥሎ የሚመጣው ለቤት ሥራ ይቀመጥ።

አበባው ከፈካ በኋላ የጠወለገውን ራስ በየሦስት ቀኑ መቀንጠስ የአበባውን ዕድሜ ያራዝማል። የአንድ ዓመት ተክል ዓላማው ዘር ነውና፣ ዘሩን እንዳገኘ ሥራውን ያቆማል፤ ዘሩ ሲነጠቅ ግን እንደገና ያብባል። የዝናቡ መጨረሻ ሲቃረብ መቀንጠሱ ይቁም፤ ከሁሉ ያማሩት ራሶች በግንዳቸው ላይ እስኪደርቁ ይቈዩ። በፓኬቱ ላይ ኤፍ 1 የሚል ምልክት ካለ ያ ዘር የተዳቀለ ስለ ሆነ ልጁ እናቱን ላይመስል ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለው ግን ከዓመት ዓመት ሊዘራ ይገባዋል፤ ገንዘብም ያድናል፣ ትውልድ በተቈጠረ መጠንም ከአገሩ ጠባይ ጋር የተስማማው እየተመረጠ ይሄዳል።

የደረቀው ዘር በወረቀት ተጠቅሎ፣ ስሙና የተለቀመበት ወር ተጽፎበት፣ ክዳኑ በሚገጥም ጣሳ ውስጥ ከደረቀ ከሰል ጋር በቀዝቃዛ ስፍራ ይቀመጣል። በዚህ ዓይነት የተያዘ የዚኒያ ዘር ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ የማሪጎልድ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይቈያል። ይህ ቍጥር በሞያሌ ከአትክልተኛው ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልግ ነው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እስከ 2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድረስ በቦረናና በሰሜን ኬንያ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሳይሳኩ ቀርተዋል፤ ከብት አልቋል፣ ሰውም ተሰዷል። በዚያን ጊዜ የአበባ መደብ መሥራት የሚታሰብ አልነበረም፤ በእንደዚያ ያለ ወቅት ማሰሮው እንኳ ሊቀር ይችላል፣ እጣቢው ለፍየል ግልገል ይተርፋልና። ስለዚህ ማናቸውም አትክልተኛ ካለው ዘር በአንድ ወቅት ከግማሹ በላይ አይዝራ። ዝናቡ ቢያታልል የተዘራው ይጠፋል፤ የተቀመጠው ግን በጣሳው ውስጥ አንድ ጠብታ ውሃ ሳይጠይቅ የሚቀጥለውን ገና ወይም የሚቀጥለውን ሐገያ ይጠብቃል።